ጥሩ ነው ወይ ጋሼ?

ቁልፌ ተሰብሮ በሩ ውስጥ የቀረው አንድ ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ። መብራት ጠፍቷል፣ የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ እኔ ደግሞ ከታክሲ የወረድኩት ሽንቴ ወጥሮኝ ነው። (ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን የገዛ በርን ከውጭ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል ያለዚህ ዝርዝር አይገባችሁም።) በፀጉር ማስያዣ ሞከርኩ፣ በቢላ ሞከርኩ፣ ቢላውን ራሱ የተዋስኩት ከላይ ፎቅ ካለችው ጎረቤቴ ነው። በመጨረሻ እሷው ናት ከዋናው መንገድ ዳር አርከበ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩትን ቁልፍ ሠሪ ደውላ የጠራችልኝ።

ሰውዬው ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ስልሳዎቹን ያለፉ ናቸው። «ዞር በይ ልጄ፣ እስቲ መብራት ያዢልኝ» አሉና ከኪሳቸው ሁለት ቀጫጭን ብረት አወጡ። ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ አልቆጠርኩም። ጎረቤቴ «ሻይ ላፍላ ወይስ…» ብላ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ፤ ስባሪው ደግሞ መዳፋቸው ላይ ነበር።

ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ «አምስት መቶ ብር» አሉኝ።

«ለዚህች?»

አልተቆጡም። እንደሚጠብቁት ያስታውቅ ነበር። «ቶሎ ስለከፈትኩት ነው የከበደሽ» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገል ብታዪኝ፣ ላቤ ጠብ ሲል ብታዪኝ፣ ስድስት መቶ ብልሽም ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብለሽ ትከፍዪ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ከፈልኩ፣ ሸኘኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የተናደድኩት በአምስት መቶ ብሩ አልነበረም። የተናደድኩት በፍጥነቱ ነው። አንድ ሽማግሌ በጨለማ፣ በስልክ መብራት፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆዩ የሚከፍቱትን በር ነው እኔ ለሁለት ዓመት ተማምኜ የተኛሁበት። ያን ሌሊት ወንበር ከበሩ ጀርባ አስደግፌ አደርኩ። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ሱቅ ለማለትም ይከብዳል። የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ አንዲት ሞርሳ፣ ሞረዶች፣ ግድግዳው ላይ በረድፍ የተንጠለጠሉ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ቦታ የሳቸው ነው። እኔ ውጭ ቆሜ ነው ያወራነው። የመጣሁት አዲስ ሲሊንደር ለመግዛት ነበር፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ሁለት ሲሊንደር አውጥተው በሁለት እጄ አስያዙኝ።

«የቱ ይከብዳል?»

የግራው። ምንም አያጠራጥርም። የቀኙ አዲስ ነው፤ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል። የግራው ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተልጧል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከአንድ በር ላይ የተነቀለ ነው። ቆራሌው በኪሎ ገዝቶት ምናለሽ ተራ ደርሶ ኖሮ እሳቸው ከብረት ክምር ውስጥ ለይተው አወጡት። «ይሄ ነሐስ ነው። ይበላል እንጂ አይሰበርም። ያኛው ዚንክ ነው፤ ላዩን ቅብ ነው።»

ከዚያ አሮጌውን ፈቱልኝ። ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ምናልባት እናንተም አታውቁም። ሲሊንደሩ ውስጥ በረድፍ የቆሙ ትንንሽ ፒኖች አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት፤ እያንዳንዱን ሞላ ወደ ታች ይገፋዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ፒን ልክ ለሱ በተሰጠው ከፍታ ያነሡታል። ሁሉም እኩል አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ መሃሉ ይዞራል። አንዱ እንኳ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይዞርም። ሐሳቡ የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ሲሠሩበት የነበረ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ቅርፅ የሰጠው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ልጁ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቶቹን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ነው። እንግዲህ አስቡት፣ አድዋ ገና ሠላሳ ዓመት ይቀረዋል። የኔም በር የሚዘጋው በዚሁ ነው።

ታዲያ ሐሳቡ ካልተለወጠ ምኑ ነው የተበላሸው? ልኩ ነው። አምስት ፒን ያለው፣ እያንዳንዱ ፒን ስድስት ዓይነት ከፍታ ሊኖረው የሚችል ሲሊንደር በወረቀት ላይ 7,776 የተለያዩ ቁልፎች ይኖሩታል። ይሄ ግን ፒኑና ቀዳዳው በደንብ ሲገጣጠሙ ነው። ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ከተሠራ ፒኑ ይወላገዳል፣ መስመሩም መስመር መሆኑ ይቀራል። ለሦስት የተቀረጸ ጥርስ ሁለትንም ይከፍታል፣ አራትንም ይሞክራል። ፋብሪካው ደግሞ ለወጪ ብሎ ጥቂት ቅርጾችን እየደጋገመ ከቀረጸ ከሰባት ሺህ ምናምን የቀረው ስንት እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። እሳቸው የአንዱ ተከራይ ቁልፍ የሌላውን በር ሲከፍት በዓይናቸው አይተዋል። ሁለቱም ሰዎች ለዓመት ያህል ጎረቤት ነበሩ፤ አላወቁም። ማንም የሰው በር ላይ የራሱን ቁልፍ አይሞክርማ።

ሌላው ብረቱ ነው። ነሐስ ለማቅለጥ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ የዚንክ ቅይጥ ግን 400 ሳይደርስ ይቀልጣል። ስለዚህ እንደ ብስኩት በቅርጽ ውስጥ እየፈሰሰ በፍጥነት ይወጣል፣ ርካሽ ነው፣ ላዩ ሲቀባ ከነሐስ አይለይም። ዚንክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በደንብ የተሠራ አለ። ግን ርካሹ ላይ ሌላም ሌላም ነገር አብሮ ይቀነሳል፦ ሞላው ይቀጥናል፣ መሰርሰሪያ እንዳይበሳው የሚገባው ጠንካራ ፒን ይቀራል፣ የቁልፉ ብረት ራሱ እንደ ሰም ይሆናል። የኔ ቁልፍ እጄ ላይ የተቆረጠው ጉልበተኛ ሆኜ አይደለም።

ሲሊንደሩን አገላብጠው መሃሉን አሳዩኝ። የኛ አገር አዳዲስ የብረትና የአልሙኒየም በሮች ላይ የሚገባው ይሄ ረዘም ያለ ሲሊንደር ወገቡ ላይ የቪቴ ቀዳዳ አለው። ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልም እዚያው ነው። ስለዚህ ቁልፉ በጣም ቀጭን የሆነው በጣም መጠንከር በሚገባው ቦታ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ሌቦች ይሄን ደርሰውበት በሮችን ሲሰብሩ ስለከረሙ በ2010ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ደረጃ ወጣለት። መፍትሔው ደስ ይላል፦ ሲሊንደሩ ላይ ሆን ብለው ደካማ መስመር ይሰነጥቁበታል፣ ከውጪ በኩል። ሌባው ሲሰብረው የፊቱ ቁራጭ ብቻ እጁ ላይ ይቀራል፤ ዋናው ክፍል በሩ ውስጥ ይቆያል። የት እንደሚሰበር አስቀድሞ የሚያውቅ ቁልፍ ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ ፈልጎም አይገኝ አይባልም፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ ግን ሳቅኩ።

«ታዲያ ለምንድነው እነዚህን የሚሸጡት?» አልኳቸው የሚያብረቀርቀውን እያሳየሁ።

«የሚገዛው ይሄን ስለሆነ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ቁጣዬ የሚያርፍበት ሰው ፈልጌ ነበርና። ፋብሪካው? ፋብሪካው ዚንክ መሆኑን አልደበቀም፤ በዚያ ዋጋ አምጡ ያለው አስመጪው ነው። አስመጪው? ሰው የሚገዛውን አመጣ። ኮንትራክተሩ? ለበሩ የተያዘለት ብር ያውና፣ ለቁልፉ የተረፈው ያውና። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፍ ተረክቦ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የተረከበውን ቁልፍ መቀየር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ኮንትራክተሩ «ለሚነቀል ነገር ምን አስጨነቀኝ» ቢል ሐሰት አልተናገረም። አከራዬ? እሳቸው ኪራይ መጨመር እንጂ ቁልፍ መቀየር ሥራቸው አይደለም። ሁሉም በየበኩሉ ትንሽ ትንሽ ሸራርፎ፣ ማንም ሳይዋሽ፣ እኔ ጋ የደረሰው ነገር ግን ውሸት ነው። ቁልፍ ይመስላል፣ ቁልፍ ይባላል፣ እንደ ቁልፍ ቀጭ ይላል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ራሱ ነው ውሸቱ።

ቁልፍን ከሌላ ዕቃ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ጫማ ገዝታችሁ መጥፎ ከሆነ ዝናብ ይነግራችኋል። ድስት መጥፎ ከሆነ ወጡ ይነግራችኋል። ቁልፍ መጥፎ ከሆነ ግን የሚነግራችሁ ሌባ ብቻ ነው። እሱ እስኪመጣ ድረስ መጥፎውም ጥሩውም እኩል ይሠራሉ፤ በየማታው ይዘጋሉ፣ በየጠዋቱ ይከፈታሉ። ሌባ ካልመጣ ደግሞ ዕድሜ ልካችሁን ሳታውቁት ትኖራላችሁ፣ ቁልፉም ተመስግኖ ያረጃል። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጥናት አለ፤ ኋላ በ2001 ኖቤል ሲሸለም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢ ለጥሩውም ለመጥፎውም እኩል ዋጋ ነው የሚሰጠው። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም። ስለዚህ ጥሩው ከገበያ ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። የመኪናው ገዢ እንኳ ነድቶ ይሞክራል፣ መካኒክ ያሳያል። የቁልፍ ገዢ ምን ያድርግ? ሌባ ይዞ ይምጣ?

በእርግጥ አንድ ሰው አለ የሚያውቅ። ቁልፍ ሠሪው። ጠቅላላ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ተንከባሎ ተንከባሎ ያቺ ኮንቴይነር የምታክል እንኳ የማትሆን ሱቅ ውስጥ ነው የሚያርፈው። አስመጪው እኔን አያየኝም። ፋብሪካው አያየኝም። ዓይኔን እያዩ «ጥሩ ነው ወይ ጋሼ?» የምባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ጎረቤቴ ነገሩኝ።

ያቺ ቢላ ያዋሰችኝ ጎረቤቴ ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። ያወራችልኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ስለ በር ናቸው። የመጀመሪያ ቀጣሪዋ ከቤት ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉባት ነበር። የምትተኛባት ክፍል ደግሞ ከውስጥ አትቆለፍም ነበር። ይሄ የሷ ብቻ ታሪክ አለመሆኑን እህት ወይ አክስት ወደ ዓረብ አገር የላከ ሁሉ ያውቃል። ተመልሳ ቤቱን ከገዛች በኋላ መጀመሪያ የሄደችው እኚህ ሰውዬ ጋ ነው። ብር አልነበራትም፤ ያላት ሁሉ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። የሚያብረቀርቀውን አንስታ «ጥሩ ነው ወይ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ጥሩ ነው አልኳት» አሉኝ። «ምን ልበላት? ሌላውን መግዛት አትችልም። መጥፎ ነው ብላት ያንኑ ነው የምትገዛው። የምትገዛው ያንኑ ከሆነ ቢያንስ እንቅልፏን ትተኛ።»

ይህን ስሰማ ወዲያው ያስታወስኩት ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና መግቢያ ላይ ያነበብነውን ነገር ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ከቤንጃሚን ኮንስታን ጋር ሲከራከር የጻፈው አጭር ጽሑፍ ነው። ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳክቶ ጓደኛህ ቤትህ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ቢጠይቅህ መዋሸት ትችላለህ ወይ? ካንት አይቻልም ይላል። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሳቅንበት። አሁን ሳስበው የሳቅነው ውሸቱ የሚነገረው ለገዳይ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን በሩ ያው በር ሆኖ ውሸቱ የተነገረው ለተደበቀችው ሰው ነው። «አይዞሽ፣ በሩ ጠንካራ ነው» እንደ ማለት። ካንትን የሚቃወም ሁሉ ይሄኛውን ውሸት ይደግፋል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሳቸው ጋር ነበርኩ። ቁልፍ የሚሸጠው ሁለት ነገር ነው፦ ከሌባ መከለያና እንቅልፍ። አንደኛውን መስጠት ካልቻሉ ሁለተኛውን ሰጧት። እሷ ደግሞ የሚያስፈልጋት ሁለተኛው ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ያጣችው ከውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ያገኘችውም እሱን ነው። ደግሞስ ሌባ ሁሉ ቁልፍ ይፈታል እንዴ? ብዙው የሚገባው በመስኮት፣ በተረሳ በር፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ነው። «ቤቱን ክፍት ትቶ ሰውን ሌባ ይላል» የሚባለው ለዚህ አይደል? ቁልፍ ምልክት ነው፤ «እዚህ ሰው አለ፣ አትግባ» የሚል። ቅን ሰው ምልክቱን አይቶ ይመለሳል።

ይሄ ክርክር ለሁለት ቀን አሳመነኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ማን እንደሚጠቀምበት አየሁ። «ቁልፍ ለቅን ሰው ነው» የሚለውን አባባል በጣም የሚወዱት መጥፎ ቁልፍ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ቁልፍ ምልክት ብቻ ከሆነማ በሩ ላይ የቁልፍ ሥዕል መለጠፍ በበቃ። ምልክቱ የሚሠራው ከኋላው የሆነ ነገር አለ ብለን ስለምናምን ነው። ከኋላው ምንም እንደሌለ ሌባው ሲያውቅና ባለቤቷ ሳታውቅ ሲቀር፣ ምልክቱ የሚያታልለው እሷን ብቻ ነው። እንቅልፉም እንደዚያው ነው። በማታውቀው ነገር ላይ የተደላደለ እንቅልፍ የሷ አይደለም፤ ሌላ ሰው ወስኖላት የሰጣት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ በሯ ሌላ ሰው ሲወስንላት ለነበረች ሴት ደግሞ… እዚህ ጋ ነው የሸሸኝ። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እሳቸውም ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ነው የተመለሱት።

ይሄን ክርክር ከኛ በፊት የተከራከሩት አሉ። ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ብራማህ የሚባል ቁልፍ ሠሪ አንድ ቁልፍ በመስኮቱ ላይ አስቀምጦ «ይሄን መክፈቻ ሠርቶ ለሚከፍት 200 ጊኒ» ብሎ ለጥፎ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ማንም አልቻለውም። እ.ኤ.አ. በ1851 ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ መጣና መጀመሪያ «አይከፈትም» የተባለለትን የቻብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተ። ከዚያ የብራማህን ተያያዘው፤ በ16 ቀን ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ፈጅቶበት ከፈተው። እንግሊዞች ተንጫጩ። ይሄን በአደባባይ ማሳየት ሌባን ማስተማር ነው አሉ። የሆብስ መልስ በአጭሩ፦ ሌቦች ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ከናንተ በላይ ያውቃሉ፤ የማያውቀው በቁልፉ የሚተማመነው ሰው ብቻ ነው። (ሆብስ ቁልፍ ሻጭም ነበር። ይሄንንም አትርሱ። እውነት የሚናገር ሰው ዕቃ አይሸጥም ያለ የለም።)

ጋሼ በዚህ ከሆብስ ጋር አይስማሙም። ሱቃቸው ደጃፍ ለሚያንዣብቡ ልጆች አያሳዩም፤ የሚከፍቱበትን ሁለት ብረት ሲያወጡ ጀርባቸውን ያዞራሉ። «እኔን ሰፈሩ የሚያምነኝ ስለማልችል አይደለም፣ ስለምችል ነው» አሉኝ። ፕላቶን በ«ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ሶቅራጥስን ከፖሌማርኮስ ጋር ሲያከራክር ያስቀመጠው ቀልድ የሚመስል ነገር አለ፦ ለመጠበቅ ጎበዝ የሆነ ሰው ለመስረቅም ጎበዝ ነው፤ እንግዲያው ጻድቁ ሰው ሌባ ሆነ ማለት ነው። ፖሌማርኮስ ግራ ይገባዋል። ቁልፍ ሠሪ ቢሆን ኖሮ ግራ አይገባውም ነበር። በየቀኑ የሚኖርበት ነገር ነው። ችሎታው አንድ ነው፤ የሚለየው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የማን በር ጋ እንደቆመ ነው። ለነገሩ ጋሼ በኔ በር ላይ መታወቂያ አልጠየቁኝም። ጎረቤቴ ደወለች፣ በቃ። እሷን ስለሚያምኑ እኔን አመኑ። የሰፈር ሰው መሆን ማለት ይሄ ነው መሰለኝ፤ ግን ሌላ ሰፈር ላይ ቢሆን እንዴት ነበር የሚሠራው ብዬ አሁንም አስባለሁ።

«ጊዜው የስማርት ቁልፍ ነው፣ በስልክ የሚከፈት ግዙ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ በኢንተርኔት የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ አምስት መቶ ገደማ የሚሆኑ የበር ቁልፎችን በአንድ ጊዜ ከጥቅም ውጪ አድርጓል። ቀፎው ተነቅሎ ለጥገና ይላክ ተባለ። እኔ መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ በማውቅበት ሕንፃ ውስጥ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ሁሉም ነገር እኔ ላይ ወደቀ። እሳቸው ውሸታቸውን ለኔ ነግረውኛል፤ አሁን የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው። ብነግራት እንቅልፏን እወስዳለሁ። ባልነግራት እኔም «ጥሩ ነው» እንዳልኳት ነው። ፍልስፍናው ሲያወሩት ደስ ይላል፤ ደረጃው ላይ «እንደምን አደርሽ» ስትላችሁ ግን ሌላ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ዓይኗን እየሸሸሁ ወጣሁ ወረድኩ።

እሑድ ቡና ጠርታኝ ነገርኳት። ረከቦቱ ላይ ያለውን ስኒ እያየሁ ነው የነገርኳት። የጠበቅኩት እሳቸው ላይ እንድትቆጣ ነበር። የተቆጣችው እኔ ላይ ነው።

«ይሄን ለምን ነገርሽኝ?» አለችኝ። «እሺ አሁን ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ብቻውን የሚሰጥ ሰው መልስ እንደሌለው አላሰብኩም ነበር። ተነሥታ በሩን ሄዳ አየችው፤ ቁልፉን አዞረችው፣ መለሰችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ እንደገና አዞረችው። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ወጣሁ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ጋሼም ሰምተው ኖሮ ሳልፍ ጠሩኝ። «እንቅልፏን ወሰድሽባት» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እርስዎ ደግሞ ሳትጠይቅዎ ሰጥተዋት ነበር» አልኩ፤ አነጋገሬ ለሳቸው ዕድሜ የሚገባ አልነበረም፣ አሁንም ይቆጨኛል። ሞረዳቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ የቀረጻ ማሽናቸው ዲናሞ ስለሚያስቸግራቸው።

በሳምንቱ እሷ ራሷ ሄደች። ከሳቸው ጋር ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅኩም። የማውቀው ያቺን የፒያሳዋን ሲሊንደር ጋሼ ፒኖቿን በአዲስ ቀይረው፣ አዲስ ቁልፍ ቀርጸው እንደገጠሙላት ነው። ዋጋዋን በሦስት ጊዜ ልትከፍል ተስማምተዋል፤ የመጀመሪያውን ከፍላለች፣ ሁለተኛው ዕቁቧ ሲወጣ ነው። ከውስጥ ደግሞ ሰፈሩ በያጅ ጋ አንድ የብረት መወርወሪያ አሠርታለች፤ በጣም ወፍራም ናት፣ ለግቢ በር የምትሆን። ማታ ማታ ስትወረውራት እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል።

ቁልፉ የተቀረጸው በሦስት ነው። አንዱ እሷ ጋ ነው፣ አንዱ እህቷ ጋ። ሦስተኛውን አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ አስቁማ ሰጠችኝ። «ድንገት ብታመም» አለችኝ፣ ሌላ ነገር ሳትጨምር። ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ከበሬ ጀርባ። የኔ በር ላይ ያለው ሲሊንደር ግን ያው ነው፤ የተሰበረው ቁልፍ ወጥቶ ሌላ ተቀርጾለታል እንጂ። አከራዬን ጠይቄ «የሚቀጥለው ወር እናያለን» ብለውኛል። ወንበሩንም ገና አላነሣሁትም።